የሰቀሉት ሥዕል፣ ያፈነዱት ጋዜጣ

በጃንዋሪ 2023 የጣልያን ፖሊስ ማቴኦ ሜሲና ዴናሮ የተባለውን የሲሲሊ ማፊያ አለቃ ፓሌርሞ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ያዘው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሠላሳ ዓመት ሲታደን ኖሮ በሌላ ሰው ስም የካንሰር ሕክምና ሲከታተል ተገኘ። ካምፖቤሎ ዲ ማዛራ በምትባል ትንሽ ከተማ የተደበቀበት ቤት ሲፈተሽ ደግሞ የማርሎን ብራንዶ ምስል ተሰቅሎ ነበር፤ «ዘ ጎድፋዘር» ላይ ዶን ቪቶ ኮርሊዮኔን ሆኖ የተወነው ብራንዶ።

በዚያችው በፓሌርሞ፣ በኦክቶበር 1958፣ «ሎራ» የተባለው ጋዜጣ ማተሚያ ክፍል ላይ ቦምብ ፈንድቷል። የጋዜጣው ጥፋት ሉቻኖ ሌጆ ስለተባለ የኮርሊዮኔ ከተማ ነፍሰ ገዳይ ስሙን ጠርቶ ተከታታይ ዘገባ መጀመሩ ነበር። አዘጋጆቹ ፍርስራሹን ጠርገው፣ ማፊያ እንደዛተባቸውና ምርመራው ግን እንደሚቀጥል በፊት ገጻቸው አስነብበው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስለ ተደራጀ ወንጀል በተሠሩ ፊልሞች፣ መጻሕፍትና ዘገባዎች ላይ የሚደረገው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ፊልም ወንጀለኛ ያፈራል ወይስ አያፈራም? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የሰጠ ሰው አላየሁም፤ ብዙም አይረዳም። ወንጀለኞቹ ራሳቸው ግን የማያሻማ ፍርድ ሰጥተውልናል። ከተሰራላቸው ሥራ የትኛውን ቤታቸው እንደሰቀሉ፣ በየትኛው ላይ ቦምብ እንዳጠመዱ እናውቃለን። ይህ ዳሰሳ በዚያ ፍርድ እየተመራ ይሄዳል።

መጀመሪያ ማፊያ በምን እንደሚተዳደር ማወቅ ይገባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፓሌርሞን የከበበው ኮንካ ዶሮ የሚባል ለም መሬት የሎሚና የብርቱካን አትክልት ነበር። ፍሬው በመርከብ እስከ ለንደንና ኒውዮርክ ድረስ ይሸጥ ስለነበር ትርፉ ከፍተኛ ነበር። የሎሚ ዛፍ ግን ለፍሬ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ውኃ ከተቋረጠበት ይደርቃል፤ በአንድ ሌሊት ሊመነጠር ይችላል። ከ1860 በኋላ የተመሠረተው የጣልያን መንግሥት ሲሲሊ ላይ ጉልበት አልነበረውም። በዚህ ክፍተት የአትክልት ጠባቂው፣ ውኃ አከፋፋዩና ደላላው አንድ ላይ ቆመው ለባለ አትክልቱ ጥበቃ ይሸጡለት ጀመር፤ አልገዛም ካለ የሚያጠቁትም እነሱ ራሳቸው ነበሩ። ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ የተባለ ምሁር በ1876 ባጠናቀቀው ምርመራ ነገሩን የዓመፅ ኢንዱስትሪ ብሎ ጠርቶታል። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ምርጥ ጥናቶች፣ የዲየጎ ጋምቤታ ሥራ ጭምር፣ በዚህ ላይ የሚጨምሩት ማብራሪያ ነው።

ጥበቃ የሚሸጥ ሰው ትልቁ ሀብቱ መፈራቱ ነው። በየሱቁ እየገባ መደብደብ ካለበት ድካሙም ብዙ ነው፣ ለፖሊስም ይጋለጣል። ስሙ ቀድሞት ከገባ ግን ባለሱቁ ሳይጠየቅ ይከፍላል። ዝና ከጥይት ይረክሳል። ስለዚህ የማፊያ ዝና ከማፊያው ንግድ ተለይቶ አይታይም፤ ዝናውን የሚያሳድግለት ሁሉ፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብ፣ የዕቃው አስተዋዋቂ ነው።

ይህ ማስታወቂያ ከሲኒማ በፊት ጀምሯል። በ1863 ፓሌርሞ ውስጥ ቪካሪያ በተባለው እስር ቤት ስላሉ «ማፊያዎች» የሚተርክ ቲያትር ለሕዝብ ቀረበ። እስረኞቹ የራሳቸው ሥርዓት፣ የራሳቸው መሐላና ደካማን የመጠበቅ ወግ ያላቸው ሆነው ተሣሉ። ቲያትሩ በየከተማው ዞረ፤ ስሙም ከሲሲሊ ወጥቶ በመላው አገር የናኘው ከዚያ በኋላ ነው። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ደግሞ የሲሲሊን ተረትና ወግ በመሰብሰብ የተከበረው ጁዜፔ ፒትሬ፣ ማፊያ ድርጅት ሳይሆን የሲሲሊ ሰው ለክብሩ ያለው ስሜት ነው ብሎ ጻፈ። ይህን ሐሳብ ጠበቆችና ፖለቲከኞች ለብዙ አሥርት ዓመታት ተጠቅመውበታል፤ ማኅበሩ ከሌለ የማኅበር አባል ብሎ መክሰስ አይቻልምና። ሐሳቡ በፍርድ ቤት የተረታው በ1980ዎቹ ነው። ቶማዞ ቡሼታ የተባለ ነባር አባል ለዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔ የድርጅቱን አወቃቀር ዘርዝሮ ተናገረ፤ በ1986 ፓሌርሞ ውስጥ 475 ሰዎች የተከሰሱበት ታላቁ ችሎት ተጀመረ፤ በጃንዋሪ 1992 የመጨረሻው ሰበር ችሎት ፍርዱን አጸና። በዚያው ዓመት ሜይ 23 ቀን ፋልኮኔ፣ ባለቤቱና ሦስት ጠባቂዎቹ በአውራ ጎዳና ላይ በተጠመደ ፈንጂ ተገደሉ። ባልደረባው ፓኦሎ ቦርሴሊኖም ሁለት ወር ሳይሞላ ከአምስት ጠባቂዎቹ ጋር ተከተለው።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ሽፍታን ማስታወሱ አይቀርም። እኛም አገር ሕግ የጣሰ ሰው በፉከራና በቀረርቶ ተወድሷል፤ አፄ ቴዎድሮስም ካሳ ኃይሉ ሳሉ ቋራ ላይ ሸፍተው ነበር። «ዘ ጎድፋዘር»ን ስናይ በዶን ቪቶ ውስጥ የምናውቀውን ጀግና የምናይ ይመስለኛል፤ የተበደለ፣ ዳኛ ያጣ፣ ፍርዱን በእጁ የሚሰጥ። ነገር ግን ሽፍታ ከመንግሥት ሸሽቶ ጫካ ይገባል። ማፊያ ከከተማ አይወጣም። ቪቶ ቻንቺሚኖ የፓሌርሞ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ፣ በኋላም ከንቲባ ሆኖ ሳለ፣ የከተማይቱ ያማሩ የድሮ ቪላዎች ፈርሰው በቦታቸው ሲሚንቶ እንዲቆለል ያደረጉት ፈቃዶች ከእሱ ቢሮ ወጥተዋል፤ በመጨረሻም ከማፊያ ጋር በማበር ተፈርዶበታል። የዚህ ዓይነቱን ሰው በሽፍታ ዓይን ማየት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ደግሞ በአብዛኛው ከሲኒማ የመጣ ነው።

አሜሪካኖች የወንጀል ፊልምን የሠሩት ወንጀሉ ትኩስ እያለ ነው። የአልኮል ክልከላው ከ1920 እስከ 1933 ቆየ፤ አል ካፖን በ1930 «ታይም» መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ በ1931 በግብር ማጭበርበር ተፈረደበት፤ እሱን የሚያስታውሰው «ስካርፌስ» በ1932 ታየ። የፊልም ሠሪዎቹ ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት ወንጀለኛው መጨረሻ ላይ መቀጣት ነበረበት። ተመልካቹ ግን ከሲኒማ ቤት ይዞት የወጣው ቅጣቱን ሳይሆን ሱፉን፣ ባርኔጣውንና አነጋገሩን ነው። ከዚህ ዘመን ይህ ትዝብት ይበቃል፤ ዋናው ጉዳይ ያለው 1972 ላይ ነው።

ማሪዮ ፑዞ ልቦለዱን በ1969 ሲያሳትም እውነተኛ ወሮበላ አግኝቶ እንደማያውቅና ሁሉንም ከንባብ እንደጻፈው ራሱ መስክሯል። ፊልሙ ሊቀረጽ ሲል ግን እውነተኛው ወሮበላ ከተፍ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ የአንዱ የማፊያ ቤተሰብ አለቃ የነበረው ጆ ኮሎምቦ የጣልያን አሜሪካውያን የሲቪል መብት ሊግ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ፣ ፊልሙ ዘራችንን ያዋርዳል ብሎ ዘመቻ ከፈተ። በመጨረሻ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ተስማሙ፤ «ማፊያ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ ወጣ። ስለ ማፊያ የተሠራው የዓለማችን ዝነኛ ፊልም የማፊያን ስም የማይጠራው በማፊያ አለቃ ጥያቄ ነው። ኮሎምቦ በ1971 በሊጉ ሰልፍ ላይ በጥይት ተመታና ከዓመታት በኋላ ሞተ።

የፊልሙን ጥበብ የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። ከመጀመሪያው የሠርግ ትዕይንት ጀምሮ ካሜራው ቤት ውስጥ፣ ከዶኑ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣል። የምናውቃቸው የእሱ ልጆች ናቸው፤ የምናለቅሰው ለእነሱ ነው። ወርሃዊ ግብሩን የሚከፍለው ዳቦ ጋጋሪ፣ ልጁ በሄሮይን የተበላሸባት እናት፣ ዝም እንዲል የተደረገው ምስክር ከበሩ ውጭ ቀርተዋል። ዶን ቪቶ አደንዛዥ ዕፅ አልነካም ማለቱ የታሪኩ ማጠንጠኛ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ግን የኒውዮርኩ የማፊያ አለቃ ቪቶ ጄኖቬዜ በ1959 የተፈረደበት በአደንዛዥ ዕፅ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሲሊ ውስጥ የሄሮይን ማጣሪያዎች ይሠሩ ነበር፤ ዕፁ በፒዛ ቤቶች በኩል አሜሪካ ይከፋፈል እንደነበር በ1985 ኒውዮርክ ላይ በተጀመረው ችሎት ተዘርግፏል።

ሌላው ተረት ማፊያ ሴትና ሕፃን አይነካም የሚለው ነው። ጁዜፔ ዲ ማቴኦ አባቱ ለፍርድ ቤት መስካሪ በመሆኑ በ1993 በአሥራ ሁለት ዓመቱ ታገተ። ከሁለት ዓመት በላይ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲያዛውሩት ቆይተው በጃንዋሪ 1996 አንቀው ገደሉት፤ አስከሬኑን በአሲድ አቀለጡት። ከዚህ ሕፃን እገታ ተጠያቂዎች አንዱ የብራንዶን ምስል የሰቀለው ሜሲና ዴናሮ ነው። ለምን እንደሰቀለው ለመረዳት አይከብድም። ፊልሙ ሊሆን የሚፈልገውን ሰው አሳይቶታል፤ ያደረገውን ግን አላሳየውም።

የአሜሪካዎቹም ከዚህ አይለዩም። አሥራ ዘጠኝ ግድያ ላይ እጁ እንዳለበት ያመነው ሳሚ ግራቫኖ «ዘ ጎድፋዘር»ን በወጣትነቱ አይቶ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ልቡ ምን ያህል እንደተነካ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። አለቃው ጆን ጎቲ ደግሞ በጋዜጠኛ ፊት መቆም ይወድ ነበር፤ በ1986 «ታይም» አንዲ ዋርሆል የሠራውን ምስሉን ሽፋን አደረገው፤ ከችሎት በተደጋጋሚ ነፃ በመውጣቱም ጋዜጦች ቅጽል ስም አወጡለት። ዝናው ፖሊስንም እያሳበደ በ1992 ግራቫኖ መስክሮበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። «ዘ ሶፕራኖስ» ቴሌቪዥን ላይ በጀመረበት በ1999 የፌዴራል መርማሪዎች በደበቁት መቅረጫ የኒው ጀርሲ ማፊያ አባላት ድራማው ስለ እኛ ይሆን እያሉ ሲወያዩ ተሰምተዋል። እኔ «ዘ ሶፕራኖስ»ን ከብዙዎቹ አስበልጣለሁ። ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ከሰውዬው ጋር አስቀምጦን ቀስ በቀስ ክብሩን ይገፍፈዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጎስቋላ ስግብግብነት ነው። ያም ሆኖ ወንበሩ የተዘረጋው አሁንም በአለቃው ቤት ነው።

ኔፕልስ አካባቢ ነገሩ ከቅጂ አልፎ ግንባታ ሆኗል። የአካባቢው የወንጀል ድርጅት የካሞራ አለቃ የነበረው ዋልተር ስኪያቮኔ ካዛል ዲ ፕሪንቺፔ ላይ የሠራው ቪላ በ1983ቱ «ስካርፌስ» ላይ ያለውን የቶኒ ሞንታናን ቤት የተከተለ ነው። ይህን በሰፊው ያስነበበው ሮቤርቶ ሳቪያኖ በ2006 ባሳተመው «ጎሞራ» ነው። ሳቪያኖ የአለቆቹን ስም፣ የሲሚንቶውን፣ የቆሻሻውንና የልብስ ስፌቱን ገንዘብ መንገድ ዘረዘረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በፖሊስ ጥበቃ መኖር ጀመረ። የማቴኦ ጋሮኔ ፊልም በ2008 ከመጽሐፉ ሲሠራ አለቃን መሐል አላደረገም፤ ሰፊ፣ ገንዘብ አመላላሽ፣ ሁለት ጅል ጎረምሶች ናቸው ባለታሪኮቹ። ከ2014 ጀምሮ የታየው ተከታታይ ድራማ ግን ወደ አለቆቹ ቤት ተመልሶ ገባ፤ የኔፕልስ ልጆች የገጸ ባሕርያቱን ፀጉርና አነጋገር ያዙ፤ የአገሪቱ አቃቤ ሕጎች ሳይቀሩ ነቀፉት። ሳቪያኖ ክፋቱን መደበቅ የባሰ ይጎዳል ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ እኔ ግን ከመጽሐፉ ወደ ድራማው ሲሄድ የጠፋውን ሳስብ ለነቃፊዎቹ አደላለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ገንዘቡ ነበር ባለታሪኩ፤ በድራማው ውስጥ ፊት ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ካላብሪያው ንድራንጌታ አንድ ነገር ልበል። ወደ አውሮፓ ከሚገባው ኮኬይን ሰፊውን ድርሻ ያንቀሳቅሳል የሚባለው ይህ ድርጅት ነው፤ በ2007 ጀርመን ዱይስበርግ ውስጥ ስድስት ሰዎች ሲገደሉ ብዙ አውሮፓዊ ስሙን የሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በ2021 ላሜዚያ ቴርሜ ላይ በተከፈተው ችሎት ከሦስት መቶ በላይ ተከሳሾች ቀርበዋል። ሆኖም ለዓለም ተመልካች ብራንዶን የመሰለ ተዋናይ አልተገኘለትም። ከሁሉ የበለጠው ባለሀብት ከሁሉ ያነሰ የታየው ነው፤ ስለዚህ ስለ ተደራጀ ወንጀል የምናውቀው በካሜራ የተመረጠልንን ያህል ብቻ መሆኑን ልናስብ ይገባል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልሻገር፤ ቦምብ ወደተጠመደባቸው። ጣልያኖች ከእኛ ጋር የሚጋሩት አንድ ተረት አለ፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው። ሲሲሊ ላይ ይህ ምክር ሕግ ሆኖ ነበር፤ ኦሜርታ ይሉታል። ፔፒኖ ኢምፓስታቶ ይህን ሕግ የጣሰው ገና ከቤቱ ነው፤ አባቱ የማፊያ ወዳጅ፣ ዘመዶቹ የማፊያ አባላት ነበሩ። ቺኒዚ በምትባለው ትንሽ ከተማው አጠገብ ራዲዮ አውት የሚባል ጣቢያ ከጓደኞቹ ጋር ከፈተ። በጣቢያው የቺኒዚን አለቃ ጋኤታኖ ባዳላሜንቲን በስሙ እየጠራ፣ ቅጽል ስም እያወጣለት፣ የሄሮይኑንና የአውሮፕላን ማረፊያውን ንግድ እያጋለጠ ያላግጥበት ነበር። የአለቃው ቤት ከእነሱ ቤት መቶ እርምጃ ያህል ነው የሚርቀው። በሜይ 9 ቀን 1978 ሬሳው በባቡር ሐዲድ ላይ በፈንጂ ተበጣጥሶ ተገኘ። በዚያው ቀን ሮም ውስጥ ታግቶ የነበረው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የአልዶ ሞሮ አስከሬን ስለተገኘ አገሩ ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ ፖሊስም ወጣቱ ሐዲዱን ሊያፈነዳ ሲል የሞተ አሸባሪ ነው አለ። እናቱ ፌሊቺያ እና ወንድሙ ግን ዝም አላሉም፤ ባዳላሜንቲ በግድያው የተፈረደበት በ2002 ነው፤ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ።

ባዳላሜንቲ ጥይት የሚፈራ ሰው አልነበረም። የፈራው ሳቅን ነው። የሚሸጠው መፈራት ሆኖ ሳለ የከተማው ሰው በሬዲዮ እየሰማ ከሳቀበት ገበያው ፈረሰ ማለት ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም በሲሲሊ የተገደሉት ጋዜጠኞች ታሪክ ተመሳሳይ ነው፤ የ«ሎራ»ው ማውሮ ዴ ማውሮ በ1970 ታፍኖ ጠፋ፤ ማሪዮ ፍራንቼዜ በ1979፣ ጁዜፔ ፋቫ በ1984 ተገደሉ። በዚያው «ሎራ» ትሠራ የነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ ሌቲዚያ ባታሊያ የሟቾችን አስከሬን፣ የሚያለቅሱ ሴቶችንና ደም የነካው አስፋልት ዳር የቆሙ ልጆችን በጥቁርና ነጭ አነሳች። ፎቶዎቿን የሰቀለ አለቃ አልሰማሁም።

ሊበሮ ግራሲ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ፓሌርሞ ውስጥ የልብስ ፋብሪካ የነበረው ነጋዴ ነው። በጃንዋሪ 1991 ለሚያስፈራሩት ቀማኞች በጋዜጣ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ የጠየቃችሁኝን አልከፍልም፣ ለፖሊስም ነግሬአለሁ ብሎ። ሌሎች ነጋዴዎች ከጎኑ መቆም ሲገባቸው ራቁት። በኦገስት 29 ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ተገደለ። በቀጣዩ ወር ሁለት ትልልቅ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች በአንድነት ለእሱ መታሰቢያ ሥርጭት አደረጉ፤ አቅራቢው ማውሪዚዮ ኮስታንዞ ስለ ማፊያ የተጻፈበትን ቲሸርት በካሜራ ፊት አቃጠለ። በሜይ 14 ቀን 1993 ሮም ላይ የኮስታንዞ መኪና ስታልፍ በመንገድ ዳር የቆመ ተሽከርካሪ በፈንጂ ነጎደ፤ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በፊት እሱንና ፋልኮኔን እንዲከታተሉ ወደ ሮም ከተላኩት የማፊያ ሰዎች መካከል ወጣቱ ሜሲና ዴናሮ ነበር፤ በዚያን ዓመት ለተፈጸሙት ፍንዳታዎችም የዕድሜ ልክ ፍርድ ተበይኖበታል። አንዱን የካሜራ ሥራ ቤቱ የሰቀለና ለሌላው ፈንጂ ያጠመደ አንድ ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ጃፓንም ይህንኑ ትመሰክራለች። ያኩዛ የሚባለውን የአገሩን የወንጀል ማኅበር ክብርና ታማኝነት የሚያሞግሱ ፊልሞች ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩ በዚያ ምክንያት የተነካ ዳይሬክተር አልሰማሁም። ጁዞ ኢታሚ በ1992 «ሚንቦ»ን ሠርቶ ያኩዛዎቹን ሆቴል የሚያስጨንቁ ጉረኞች፣ ጠበቃ ሲገጥማቸው የሚሸሹ ፈሪዎች አድርጎ ባሳያቸው በቀናት ውስጥ የያኩዛ አባላት ፊቱን በስለት ተለተሉት።

አፍ ማዘጋት የሚፈልገው ግን ወንጀለኛው ብቻ አይደለም። በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲልቪዮ በርሉስኮኒ፣ «ላ ፒዮቭራ» የተባለውን ዝነኛ የፀረ ማፊያ ድራማ የሠሩትንና ስለ ማፊያ መጽሐፍ የሚጽፉትን ባገኛቸው እንደሚያንቃቸው ተናገረ፤ የጣልያንን ስም በዓለም አበላሽተዋል በማለት። ገጽታ ግንባታ የሚለውን ቃል ጠግቦ ያደገ የእኛ ትውልድ ይህን ሰበብ ወዲያው ይለየዋል። የአገር ስም እንዳይጠፋ ተብሎ የሚደበቅ ወንጀል አገሩን አያድንም፤ ወንጀለኛውን ያድናል። ጆ ኮሎምቦም በዘር ክብር ስም የተሟገተው ለራሱ ንግድ ነበር።

ኮሎምቢያ የዚህ ሁሉ ጽንፍ ናት። የዕፅ ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር «ኤል ኤስፔክታዶር» የተባለውን ጋዜጣ አዘጋጅ ጊዬርሞ ካኖን በዲሴምበር 1986 አስገደለ፤ አዘጋጁ ኤስኮባር የምክር ቤት አባል በነበረበት ወቅት የድሮ የዕፅ ክሱን ከማኅደር አውጥቶ አትሞበት ነበር። የካኖ ልጅ ካሚሎ በ2012 ስለ ኤስኮባር ትልቅ ተከታታይ ድራማ ካዘጋጁት አንዱ ነበር፤ ዓላማቸው የተጎጂዎችን ታሪክ ለመንገር ነው። ተመልካቹ ግን በመላው ላቲን አሜሪካ ኤስኮባርን ወደደ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «ናርኮስ» የተባለው ድራማ ሲጨመርበት የኤስኮባር ከተማ ሜዴሊን በቱሪስትና ፊቱ በታተመበት ቲሸርት ተጥለቀለቀች። በዚህ ምክንያት ነው ቀና ሐሳብ ብቻውን አይበቃም የምለው፤ ካሜራው ለአንድ ሰው ሰባ ሰዓት ከሰጠ ተመልካቹ ያንን ሰው ይለምደዋል፣ የለመደውን ደግሞ ይወድዳል። በ2019 ከተማይቱ የኤስኮባርን ሞናኮ ሕንፃ አፍርሳ በቦታው ለተጎጂዎች መታሰቢያ አቁማለች።

የጊዬርሞ ካኖ ስም እኛ ዘንድም ደርሷል። ዩኔስኮ በስሙ የሰየመውን የዓለም የፕሬስ ነፃነት ሽልማት በ2013 የተቀበለችው በዚያን ጊዜ እስር ቤት የነበረችው ኢትዮጵያዊት ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ ናት።

ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነት በሽልማት አያበቃም፤ የእኛም የአፍሪካ ቀንድ ልጆች በተደራጀ ወንጀል እጅ ወድቀዋል። ከ2009 ገደማ ጀምሮ ሲና በረሃ ውስጥ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ከእነሱም ጋር ኢትዮጵያውያን፣ እየታገቱ በአሥር ሺዎች ዶላር ማስለቀቂያ ይጠየቅባቸው ነበር። ይህ ወንጀል የሚሠራው በስልክ ነው። አጋቹ ልጁን እያሠቃየ ስልኩን ለእናቱ ይከፍታል፤ ጩኸቱን አዲስ አበባ፣ አስመራ ወይም ቴል አቪቭ ያለች እናት ትሰማለች፤ ዕቃ ሸጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምና ትልካለች። ዝናን የሚሸጠው የሲሲሊ ማፊያ ብዙ ተመልካች ያስፈልገው ነበር፤ ለዚህኛው አንዲት ሰሚ ትበቃዋለች። በዚህ ወቅት ስዊድን የምትኖረው ኤርትራዊት ጋዜጠኛ ሜሮን እስጢፋኖስ ለታጋቾቹ ራሷ እየደወለች ድምፃቸውን በሬዲዮ ታሰማ ነበር፤ በ2013 የወጣው የእስራኤል ዘጋቢ ፊልም «ሳውንድ ኦፍ ቶርቸር» ይህን ሥራዋን ይከተላል። አጋቾቹ ለማስፈራሪያ የተጠቀሙበትን ያንኑ ስልክ ለምስክርነት ማዋሏ ከራዲዮ አውት ጋር የሚያወዳድራት ይመስለኛል።

ከሲና በኋላ ሊቢያ መጣ፤ ከሊቢያ ሜዲትራኒያን። በኦክቶበር 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ቢያንስ 368 ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩን የያዙት የፓሌርሞ አቃቤ ሕጎች ናቸው፤ ማፊያን በመክሰስ የሠለጠኑት። በ2016 «ጀኔራሉ» የሚባለውን ትልቁን ደላላ ከሱዳን ተቀብለናል ተብሎ ፎቶው በዓለም ጋዜጦች ወጣ። ከአውሮፕላን የወረደው ወጣት ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ማንነቱ እንደተሳሳተ አምኖ በጁላይ 2019 እስኪለቀው ሦስት ዓመት ታሰረ። የማፊያ ትረካ ሁልጊዜ አንድ አለቃ፣ አንድ ፊት፣ አንድ ቅጽል ስም ይፈልጋል፤ መርማሪውም ጋዜጣውም ያንን ፊት ለማግኘት ሲቻኮሉ የድሃ ልጅ ፊት ተለጠፈበት።

እውነተኞቹ ደላሎች የተያዙበት ታሪክ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው። ሊቢያ ውስጥ ባኒ ዋሊድ ላይ ስደተኞችን መጋዘን አጉረው ሲያሠቃዩ ከኖሩት መካከል ኪዳነ ዘካሪያስ ሀብተማርያም በ2020 አዲስ አበባ ውስጥ የተያዘው ከእጁ የተረፈ ስደተኛ መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀው ነው። ብዙም ሳይቆይ ተወልደ ጎይቶም የተባለው ሌላው ተያዘ፤ በ2021 አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት፤ በኋላም ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። ኪዳነ በፌብሩዋሪ 2021 ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ ተያዘ። በአዲስ አበባው ችሎት ከባኒ ዋሊድ የተረፉ ሰዎች ቀርበው መስክረዋል። ይህን ታሪክ ሊሠራ የሚነሳ የእኛ ጸሐፊ ወይም ፊልም ሠሪ ካለ፣ ስለ ደላላው ልጅነትና ስለ ማምለጡ ብልሃት የሚያጓጓ ፊልም መሥራት ቀላል መንገድ ነው፤ ገበያም አያጣም። እኔ የምጠብቀው ግን በዚያ መንገድ ላይ የሚሄደውን ያንን የተረፈ ወጣት የሚከተለውን ሥራ ነው፤ ሰውዬውን ሲያየው ምን እንዳደረገ፣ ለማን እንደነገረ፣ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ስሙን ለማስመዝገብ ከየት ድፍረት እንዳገኘ፣ ቤተሰቡ የከፈለው ገንዘብ በማን እጅ አልፎ ወዴት እንደሄደ።